ሃይድሮጅንን በጠጣር ቁሶች ማከማቸትና የሙቀት ፈተናው

ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ከአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል አለው። ችግሩ ማከማቻው ነው፤ በተለመደው የአየር ግፊት አንድ ኪሎ ግራሙ ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ለተሽከርካሪዎች እስከ 700 ባር በሚደርስ ግፊት ይታመቃል፤ አለዚያም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይኾናል።

ሦስተኛው መንገድ ጋዙን በጠጣር ቁስ ውስጥ ማኖር ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ ዱቄት ነው፤ ሃይድሮጅኑ በብረቱ አቶሞች መካከል ይገባል። ሌላው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ልዩ ከሰል ነው፤ ሃይድሮጅኑ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

በሁለቱም መንገድ ጋዙ ሲገባ ሙቀት ይወጣል፤ ጋዙ ሲወጣ ደግሞ ሙቀት ይፈለጋል። ቅይጡ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ሲቀበል 15 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይለቅቃል። ይህ ከ40 ሊትር በላይ ውኃን ከቤት ውስጥ ሙቀት አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ካልወጣ ቅይጡ ተጨማሪ ጋዝ ለመቀበል ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ አሞላሉም ይዘገያል።

ሙቀቱ ግን በቀላሉ አይወጣም። ጋቢ የሚያሞቀው በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደኾነ ሁሉ፣ የብረቱ ዱቄትም ቅንጣቶቹ የሚነካኩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ የቀረውን ክፍተት ጋዝ ይሞላዋል። በዚህም ምክንያት ዱቄቱ ሙቀት የማስተላለፍ ዐቅሙ ከአልሙኒየም ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

መፍትሔው ሙቀቱ የሚጓዝበትን መንገድ ማሳጠር ነው። ሲሊንደሩ ቀጭን ይደረጋል፤ በውስጡ የውኃ ቧንቧና ስስ የአልሙኒየም ሳህኖች ይገባሉ፤ ዱቄቱም ከግራፋይት ጋር ተቀላቅሎ ይታመቃል። ይኹንና እያንዳንዱ ጭማሪ ክብደት አለው፤ ለጋዙ የሚተርፈውንም ቦታ ይቀንሳል። ቅይጡ ራሱ ከባድ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን 70 ኪሎ ግራም ገደማ ያስፈልጋል። በመኾኑም የሚመቸው ክብደት በማያሳስብበት ቦታ ነው፤ የጀርመን 212ኤ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ሃይድሮጅናቸውን በመሰል የብረት ማከማቻ ይይዛሉ።

ልዩ ከሰልና በ2025 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኙት ከብረትና ከካርበን ውሕዶች የተገነቡ ባለ ቀዳዳ ቁሶች የሚለቅቁት ሙቀት ከቅይጡ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ብዙ ሃይድሮጅን የሚይዙት እንደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ባለ ብርቱ ቅዝቃዜ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ጥቂት ሙቀት እንኳ ጋዙን ያስለቅቃል።

የሙቀቱ ጠባይ አንድ ጥቅምም አለው። የቅይጥ ማከማቻ ቢያፈስስ፣ ጋዙ ሲወጣ ዱቄቱ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፍሰቱም እየደከመ ይሄዳል። እንግዲህ ማከማቻን ለመመዘን የሚይዘውን የጋዝ መጠን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ሙቀቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚገባና እንደሚወጣም መታየት አለበት።