በሩን ለካሜራ የከፈቱት ፕሬዚዳንት

ኒው ዮርክ፣ ምሥራቅ 73ኛ ጎዳና ላይ፣ የቼክና የስሎቫክ ስደተኞች በ1890ዎቹ (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሠሩት ሕንፃ አለ። ዛሬ የቼክ የባህል ማዕከል መቀመጫ ነው። ስለ ቼክ ፕሬዚዳንት ስለነበሩት ቫክላቭ ሃቬል የተሠራው «ዜጋ ሃቬል» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እንዲህ ባለ አዳራሽ ሲታይ ክብደቱ ይጨምራል። በ1948 ኮሚኒስቶች ሥልጣን ሲይዙ፣ በ1968 ደግሞ የሶቪየት ታንኮች ፕራግ ሲገቡ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ቼኮችና ልጆቻቸው የቤተ መንግሥታቸውን ጓዳ የሚያዩበት ፊልም ነውና።

ቫክላቭ ሃቬል ራሳቸው በ1968 ጸደይ ኒው ዮርክ ነበሩ። የጻፉት ተውኔት በፐብሊክ ቴአትር መድረክ ላይ ወጥቶ ሊያዩት ሄደው ነው። አገራቸው ተመለሱ። ነሐሴ ላይ ታንኮቹ መጡ። ተውኔቶቻቸው ታገዱ፤ በ1974 ትሩትኖቭ በምትባል ከተማ የቢራ ፋብሪካ በርሜል ያንከባልሉ ጀመር።

በ1977 «ቻርተር 77» የተባለውን የሰብአዊ መብት ሰነድ ይዘው ብቅ ካሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሃቬል ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የምሥጢር ፖሊስ ዓይን አልተለያቸውም። ስልካቸው ይጠለፋል፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይመዘገባል። ህራዴቼክ ከሚባለው የገጠር ቤታቸው አጠገብ ፖሊሶች የእንጨት ጎጆ ቀልሰው ቤቱን ይጠብቁ ነበር። በ1979 ታሠሩ፤ የተፈቱት በ1983 ታመው ነው። በ1989 መባቻ እንደገና ታሠሩ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ኮሚኒስቶቹን ከሥልጣን ያወረደው የቬልቬት አብዮት ፕሬዚዳንት አደረጋቸው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለዓመታት በፖሊስ ሲታዩ የኖሩ ሰው፣ ሥልጣን ሲይዙ መጋረጃውን ይዘጋሉ ብሎ ማሰብ ይቀላል። ሃቬል ግን ከ1992 ጀምሮ ፓቬል ኮውተትስኪ የተባለውን ዳይሬክተር ካሜራውን ይዞ እንዲገባ ፈቀዱለት። ከአሥር ዓመት በላይ ቀረጻቸው። ስለ ልብሳቸው ሲጨነቁ፣ ከአማካሪዎቻቸው ጋር ሲመክሩ፣ ከጠቅላይ ሚኒስትር ቫክላቭ ክላውስ ጋር ሲፋጠጡ ይታያል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1994 ፕራግ ሲመጡ ሃቬል ጃዝ ቤት ወስደው ሳክስፎን ሰጥተዋቸዋል። በ1996፣ ሃቬል ከእስር ቤት ደብዳቤ ይጽፉላቸው የነበሩት ባለቤታቸው ኦልጋ ዐረፉ። በ1998 ዳግም ሲመረጡ በታችኛው ምክር ቤት ያለፉት በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው። ፖሊስ የሚሰልለው ጥፋት ፈልጎ ነው፤ ይህ ካሜራ የያዘው ግን ሲያመነታ፣ ሲደክም፣ ሲያፍር የሚታይ ሰው ነው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ይህን ለማሳየት መድፈሩ፣ ለእኔ፣ ብዙ ንግግሮቻቸው ከሚሉት የበለጠ ይናገራል።

ፊልም ለሃቬል ቤተሰብ እንግዳ አልነበረም። የፕራግን ሉሰርና ሕንፃ፣ በውስጡ ካለው ጥንታዊ ሲኒማ ቤት ጋር፣ የሠሩት አያታቸው ናቸው። የባራንዶቭን የፊልም ስቱዲዮ ያቋቋሙት ደግሞ አጎታቸው ሚሎሽ ሃቬል ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱንም መንግሥት ወረሳቸው።

ኮውተትስኪ የደከመበትን ፊልም ሳያይ ቀረ። ሚያዝያ 2006 ፕራግ ውስጥ በአንድ ረጅም ሕንፃ ላይ ሌላ ፊልም ሲቀርጽ ወድቆ ሞተ። የተከማቸውን ምስል መርጦና አቀናብሮ የጨረሰው ሚሮስላቭ ያኔክ ነው። ፊልሙ በ2008 ለሕዝብ ሲታይ ሃቬል ቤተ መንግሥቱን ከለቀቁ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በመጨረሻ ራሳቸውም ከካሜራው ኋላ ቆሙ። ሥልጣን ስለሚለቅ አንድ ፖለቲከኛ የጻፉትን ተውኔት «ስንብት» ብለው ራሳቸው ወደ ፊልም መለሱት፤ በ2011 መጋቢት ለዕይታ በቃ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ፖሊሶች ጎጆ ቀልሰው ሲጠብቁት በነበረው በዚያው ህራዴቼክ ቤታቸው፣ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።