መሸጎጥና መጉረስ፦ የኪስ ሽጉጥ ታሪክ በሁለት ሚዛን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን በአንድ ቃል ልጀምር። አማርኛ ይህን አነስተኛ መሣሪያ «ሽጉጥ» ይለዋል። ቃሉ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በብብት፣ በመቀነት፣ በትራስ ሥር ወይም በልብስ እጥፋት ውስጥ የተሰወረ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች መሣሪያውን የለዩት በሚያሰማው ድምፅ ወይም በሚያደርሰው ጉዳት ሳይሆን በአያያዙ ነው። ጥይቱን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ግሥ አለን፤ «ስንት ይጎርሳል?» ብለን እንጠይቃለን። ቋንቋችን እንግዲህ የመሣሪያውን ታሪክ በሁለት ግሦች አስቀምጦልናል፤ መሸጎጥና መጉረስ።

ዛሬ ላስረዳ የምሻው ነገር ከእነዚህ ሁለት ግሦች ይነሣል። ብዙ የሚጎርስ ሽጉጥ በቀላሉ አይሸጎጥም፤ በቀላሉ የሚሸጎጥም ብዙ አይጎርስም። የኪስ ሽጉጥ ታሪክ በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል የተደረገ የረጅም ጊዜ ድርድር ነው። በድርድሩ ውስጥ መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ሕግ አውጪውም ተሳትፏል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የለካ ሕግ ደግሞ ሌላውን ወዳላሰበው አቅጣጫ ሲገፋው እናያለን። ምሳሌዎቼን የማመጣው በአመዛኙ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው፤ መሣሪያው የተወለደውም ሆነ ሕጉ በስፋት የተከራከረበት በዚያ ነውና። ከአገራችን አዋጅ ዓመት በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመሸጎጥ እንጀምር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊላደልፊያ ከተማ ሄንሪ ዴሪንጀር የተባለ የጦር መሣሪያ ሠሪ በካፖርት ኪስ የሚገባ ትንሽ ሽጉጥ እየሠራ ይሸጥ ነበር። ሽጉጡ የሚተኩሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ በዋሽንግተን ፎርድ ቴአትር ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን የገደለው በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ነበር። የሽጉጡ ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬም በዚያው ቴአትር ቤተ መዘክር ውስጥ ይታያል። ታሪክ ጸሐፊዎች አዘውትረው የሚተርኩት ተኩሱን ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን ከተኩሱ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። ከፕሬዚዳንቱ ጋር የነበረው ሻለቃ ሄንሪ ራትቦን ገዳዩን ለመያዝ ሲነሣ፣ ቡዝ ባዶውን ሽጉጥ ትቶ ጩቤ መዘዘ። ያ ጩቤ የመሸጎጥ ዋጋ ነው። ሽጉጡ ማንም ሳያየው ገብቶ፣ አንድ ጊዜ ጮኾ፣ ሥራውን ጨርሷል፤ ሁለተኛ ጉርሻ የለውም።

ከአንድ በላይ ማጉረስ የሚቻልበትን መንገድ ሳሙኤል ኮልት አስቀድሞ በ1836 የባለቤትነት መብት አውጥቶለት ነበር። የእርሱ ሪቮልቨር ጥይቶቹን በሚሽከረከር ከበሮ ዙሪያ ያሰልፋል። ነገር ግን ከበሮ ክብ ነው፤ ክብም የራሱ ሕግ አለው። በዙሪያው አንድ ጉድጓድ ለመጨመር የክቡን ስፋት መጨመር ግድ ይላል፤ የከበሮው ስፋት ደግሞ በወገብ ላይ እንደ እብጠት ጎልቶ ይታያል። ይህን ስሌት ሁለት የታወቁ ሽጉጦች በግልጽ ያሳዩናል። ኮልት በ1927 ለሲቪል ለባሽ መርማሪዎች ያቀረበው «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ያወጣው «ቺፍስ ስፔሻል» ያንኑ የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ሆኖ አምስት ብቻ ይጎርሳል። ስድስተኛይቱ ጥይት የተተወችው ከበሮው እንዲቀጥን ነው። ሁለት ፋብሪካዎች አንዱን ጥያቄ ጠይቀው በአንዲት ጥይት ተለያዩ።

ከክብ ወደ ጠፍጣፋ የተሸጋገረው መፍትሔ የጆን ብራውኒንግ ነው። አሜሪካዊው ብራውኒንግ ቤልጂግ፣ ሊዬዥ አጠገብ በሄርስታል ከሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ጋር በመሥራት፣ በክፍለ ዘመኑ መባቻ ከፊል አውቶማቲክ የኪስ ሽጉጥ ለገበያ አቀረበ። ጥይቶቹ በእጀታው ውስጥ በሚገባ ካዝና አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ፤ ስለዚህ የሽጉጡ ውፍረት ከአንድ ጥይት ውፍረት እምብዛም አይርቅም። በ1903 የወጣው የኮልት ሽጉጥ ደግሞ መምቻው ከውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ ከኪስ ሲመዘዝ በልብስ አይያዝም። በ1910ሩ የኤፍ ኤን ሞዴል ብራውኒንግ ሞላውን በአፈሙዙ ዙሪያ ጠቀለለው፤ በፊተኛው ሞዴል ከአፈሙዙ በላይ ለሞላው ተይዞ የነበረው ቦታ በዚህ ተቆጠበ፤ የሽጉጡ አካልም ለስላሳና ቀጭን ሆነ። ጁን 28 ቀን 1914 ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ በሳራዬቮ ጎዳና በአርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድና በባለቤታቸው በሶፊ ላይ የተኮሰው ይህንን ሞዴል ነው። የጎዳና ዳር ሕዝብ መካከል የቆመ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሽጉጡን ከልብሱ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ከሌላው ተመልካች የሚለየው ነገር አልነበረም። ሁለት ጥይት ተተኮሰ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ይህን ስናይ አንድ ነገር እንረዳለን። በካፖርት ዘመንም ሆነ በሳራዬቮ ጎዳና ታሪክን የለወጠው የጉርሻው ብዛት አልነበረም፤ ሽጉጡ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አለመታየቱ ነው። የዘመኑ ሕግ አውጪዎችም ይህንኑ ፈርተዋል። የኒው ዮርክ ግዛት በ1911 ያወጣው የሱሊቫን ሕግ በሰውነት ላይ ሊሰወር የሚችልን ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ አስገዳጅ አደረገ። ልብ በሉ፤ ሕጉ የለካው የሚጎረሰውን ሳይሆን የሚሸጎጠውን ነው።

ድርድሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ነበር በጀርመን የዋልተር ፋብሪካ ሁለት ሽጉጦች ይመሰክራሉ። በ1929 የወጣው ፒፒ በ7.65 ሚሊ ሜትር ጥይት ስምንት ይጎርሳል። ጥቂት ቆይቶ ለሲቪል ለባሽ መርማሪዎች ታስቦ የወጣው ፒፒኬ እጀታው አጥሮ ሰባት ይጎርሳል። እጀታ ለምን? ሽጉጥ የተሸከመ ሰው እንደሚያውቀው አፈሙዙ በሰውነት ጎን ወደ ታች ይዘልቃልና ብዙም አይታይም፤ ከልብሱ ወጥቶ የሚጎለብተው እጀታው ነው። ጥይቶች በአንድ ረድፍ ሲደረደሩ ደግሞ እያንዳንዷ ተጨማሪ ጥይት እጀታውን በራሷ ውፍረት ልክ፣ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ታስረዝመዋለች። የደንብ ልብስ የለበሰው ፖሊስ ስምንት፣ በኮት የሚሄደው መርማሪ ሰባት፤ የመሰወር ዋጋ እንዲህ በአንዲት ጥይት ተተመነ።

በዚያው ዘመን ግን ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን የሚያዘነብል ፈጠራ እዚያው ሄርስታል ተወለደ። ብራውኒንግ በ1926 ካረፈ በኋላ ሥራውን የፈጸመው ዲዩዶኔ ሴቭ ጥይቶቹን በሁለት ረድፍ፣ ጥርስ በጥርስ እንደ መግጠም አድርጎ የሚያሰልፍ ካዝና ነድፎ ነበር። በ1935 የወጣው «ሃይ ፓወር» በ9 ሚሊ ሜትር ጥይት 13 ይጎርስ ነበር። እጀታው ሳይረዝም ጉርሻው በዛ፤ ዋጋው የተከፈለው በውፍረት ነው። ሽጉጡን በአፎት አድርጎ በገሃድ ለሚታጠቅ ወታደር ውፍረት ዕዳ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ረድፍ የወታደሩ፣ አንድ ረድፍ የኮት ለባሹ ሆኖ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ተከፋፈሉ።

ይህን ክፍፍል ያናጋው በ1980ዎቹ አሜሪካ የሆነው ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 በማያሚ ስምንት የኤፍ ቢ አይ ወኪሎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፤ ዘራፊዎቹም ተገደሉ። ከወኪሎቹ አንዱ ዋና ሽጉጡን በመኪኖቹ ግጭት አጥቶ በመጠባበቂያነት በያዛት አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ተዋጋ፤ መልሶ ሲያጎርሳት እጁን ተመታ። ያቺ ሪቮልቨር ቅድም የጠቀስናት የቺፍስ ስፔሻል ዓይነት ነበረች። ለመቅጠን የተተወችው ስድስተኛ ጥይት ውጤቱን ትለውጥ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ተቋሙ ከምርመራው በኋላ አብዝቶ ያተኮረው ጥይት በሰውነት ውስጥ ምን ያህል ዘልቆ ይገባል በሚለው ላይ ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የሪቮልቨር ዘመን በአሜሪካ ፖሊስ ቤት እያበቃ ሄደ። ቦታውን የያዙት በሁለት ረድፍ የሚጎርሱ ሽጉጦች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1982 የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው፣ እጀታው ከፖሊመር የተሠራውና 17 የሚጎርሰው ግሎክ ነበር።

እዚህ ላይ ሕግ በሁለት በኩል ገባ። በአንድ በኩል ፍሎሪዳ በ1987 የተዘረዘሩትን መስፈርቶች ያሟላ አመልካች ሽጉጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። በሌላ በኩል ሴፕቴምበር 13 ቀን 1994 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙት የፌዴራል ሕግ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝና ለሲቪሎች እንዳይመረት ከለከለ፤ ሕጉ የቆየው ዐሥር ዓመት ነው። የሕጉ ዓላማ ግልጽ ነበር፤ ጉርሻን መቀነስ።

አሁን ራሳችሁን በመሐንዲሱ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ትናንት 15 ወይም 17 ለማስጎረስ ሲባል ትልቅ እጀታ ትሠሩ ነበር። ዛሬ ወሰኑ 10 ነው። ለ17 የተሠራ እጀታ ውስጥ 10 ብቻ ማስገባት ማንን ይጠቅማል? መልሱ ቀላል ነው፤ እጀታውን በ10 ልክ ቁረጡት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው ግሎክ 26 ልክ 10 የሚጎርስ፣ እጀታው ያጠረ ሽጉጥ ሆኖ መጣ። ሕጉ ብቻውን ይህን ፈጠረ ማለት የታሪክ ስሕተት ይሆናል፤ የመሸጎጥ ፈቃድ መስፋፋቱ ገዢውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፖሊሶችም ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚይዙት ትንሽ ሽጉጥ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን ጉርሻን የገደበው ድንጋጌ ትልቁን ሽጉጥ ከጥቅሙ አራቆተው፤ የፋብሪካዎቹም ፉክክር ከብዛት ወደ ትንሽነት ዞረ። ይህን የድንጋጌውን አንቀጾች ብቻ ያነበበ ሰው አያገኘውም፤ ዕቃውን በእጁ ይዞ መለካት አለበት።

ሕጉ በ2004 ዘመኑ ሲያበቃ ትንሹ ሽጉጥ አብሮ አልሄደም። ግሎክ በ2015 በአንድ ረድፍ ስድስት ብቻ የሚጎርስ ቀጭን ሽጉጥ አወጣ፤ ገዢው ለመሸጎጥ ሲል ስድስትን ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ሲግ ሳወር ያወጣው ፒ365 ውፍረቱ አንድ ኢንች ያህል ሆኖ 10 ጎረሰ። ምሥጢሩ ያለው በካዝናው ቅርፅ ነው፤ ከታች ጥይቶቹን በሁለት የተጠጋጉ ረድፎች ይዞ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ የሽጉጡ የላይኛው ክፍል ቀጭን እንደ ሆነ ይቆያል። ሌሎች ፋብሪካዎችም በዚያው መንገድ ተከተሉት። ዴሪንጀር በአንድ ጥይት የገዛውን ስውርነት የዛሬው ሠሪ በዐሥር ጥይት ይሸጠዋል።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎቼ ሁለት ነገር እንዲይዙልኝ እወዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ቁጥር ገለልተኛ አለመሆኑ ነው። አንድ፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሦስት፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሠሪው በሐሳቡ የሣለው ግጭት አለው። አምስት ያለው ሰው አንድ አጥቂ በቅርብ ርቀት ታይቶታል፤ ዐሥራ ሦስት ያለው የጦር ሜዳ ታይቶታል። በሁለቱም ሥዕል ጫፍ ላይ ግን የሚወድቅ ሰው አለ፤ ስለ ዕቃ ብልኃት ስናወራ ይህን ሰው ከዓይናችን ልናጠፋው አይገባም።

ሁለተኛው የሕግ ተማሪዎችን ይመለከታል። የ1911ዱ የኒው ዮርክ ሕግ መሸጎጥን፣ የ1994ቱ መጉረስን ለካ። የመጀመሪያው ፈቃድ ጠያቂው ሽጉጥ ለመሸከም የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረው ሥርዓት በ2022 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ፈረሰ፤ ሁለተኛው ጊዜው አልፎ ቀረ። ሁለቱም በየዘመናቸው ከሚዛኑ አንዱን ወገን ብቻ ተጭነው ነበር። ሚዛን ደግሞ አንዱን ወገን ሲጫኑት ሌላው ይነሣል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥርዓት ውስጥ አስገብቷል። አዋጁን የምታጠኑ ሁሉ፣ ሕጉ ምን እንደሚለካ ብቻ ሳይሆን ሳይለካ የተወውም ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መሣሪያውን «ሽጉጥ» ብለው የሰየሙት ሰዎች ከሁለቱ የትኛው እንዳሳሰባቸው በስሙ ነግረውናል።