የኤሌክትሪክ መርፌና የነርቭ ሕመም፦ ከአሮጌው ታሪክ ምን እንማራለን?



በቅርቡ እዚህ በቆጂ አንዲት የስኳር ታካሚ እናት «ዶክተርዬ፣ ሌሊት ሌሊት እግሬ እንደ እሳት ይለበልበኛል፣ እንደ መርፌ ይወጋጋኛል። አዲስ አበባ ቻይናዎቹ በመርፌና በኤሌክትሪክ ያድናሉ ይባላል። ይሄን ክኒን ትቼ ልሂድ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ ታሪኩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ሰውን በኤሌክትሪክ ማከም ለአገራችን አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ፣ አያቶቻችን ቀን ቆጥሮ ለሚመላለስ ትኩሳት የሚያደነዝዝ ዓሣ ይጠቀሙ እንደነበር ጽፏል። ታማሚው ጠረጴዛ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ዓሣው መገጣጠሚያው ላይ ይደረጋል፣ መላ አካሉን ከባድ ሕመም ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ አይመለስም ይላል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የሮማ ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስም ለራስ ምታትና ለሪህ ተመሳሳይ የባሕር ዓሣ ያዝ ነበር። ዛሬ ወባን ዓሣ እንደማያድነው እናውቃለን። «አድርጌው ተሻለኝ» ማለትና በጥናት መረጋገጥ ለየቅል ናቸው።

የቻይናው መርፌ፣ አኩፓንክቸር፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መርፌው ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ በስፋት የተለመደው ግን እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ፣ የቻይና ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ መሞከር ከጀመሩ በኋላ ነው። ቤጂንግ ላይ ፕሮፌሰር ሃን ጂሸንግ በ1965 ጉዳዩን ማጥናት ጀመሩ። መርፌ ከተደረገላት ጥንቸል አንጎል ፈሳሽ ወስደው መርፌ ላልነካት ሌላ ጥንቸል ሲሰጡ፣ ሁለተኛዋም ሕመም የመቻል አቅሟ ጨመረ። በፈሳሹ ውስጥ አንድ ማስታገሻ ነገር አለ ማለት ነው። በ1975 የስኮትላንዶቹ ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር፣ ኢንኬፋሊንን፣ አገኙ። በኋላም የሃን ቡድን በሰከንድ 2 ጊዜ የሚመታ ኤሌክትሪክ ኢንኬፋሊንን፣ 100 ጊዜ የሚመታው ደግሞ ዳይኖርፊን የተባለውን እንደሚያስለቅቅ አሳየ።

የነርቭ ሕመም ጥናት የተስፋፋው በ1988 ቤኔትና ሺዬ የአይጥን የእግር ነርቭ ላላ አድርገው በክር በማሰር ሕመሙን መፍጠር ከቻሉ በኋላ ነው። እንዲህ ያለች አይጥ ቀላል ንክኪ ወይም ሙቀት ሲያገኛት እግሯን ቶሎ ታነሳለች። የኤሌክትሪክ መርፌ ሲደረግላት ግን ረዘም ላለ ጊዜ ትታገሣለች።

ተስፋ ሰጪ ነው፤ ግን አይጥ አይጥ ናት። በክር የታሰረ ነርቭና ለዓመታት በስኳር የተጎዳ ነርቭ አንድ አይደሉም። በ2017 የወጣ የኮክሬን ግምገማ በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ፣ አኩፓንክቸር ለነርቭ ሕመም ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል።

እኒያ እናት የሰሙት ወሬ ግን መሠረት አለው። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1974 ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ባገኘችው በእኛዋ የበቆጂ ልጅ ስም የተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የአኩፓንክቸር ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• መድኃኒት አታቋርጡ። ነርቭን የሚጎዳው ስኳሩ ነው፤ መርፌ ስኳርን አይተካም። አሚትሪፕትሊን ሲታዘዝላችሁ «የአእምሮ መድኃኒት ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ በዝቅተኛ መጠን የነርቭ ሕመም ያስታግሳል።

• መርፌውን መሞከር ከፈለጋችሁ በመድኃኒታችሁ ላይ ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን። አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። መርፌው አዲስና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ልብ ውስጥ ፔስሜከር ያለው ሰው ኤሌክትሪክ እንዳይደረግለት። ነፍሰ ጡር የሆናችሁና ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

• ወላጆች፣ ስኳር ያለበት ልጃችሁ እግሬን ወረረኝ ወይም ደነዘዘኝ ካለ ወደ ጤና ተቋም አምጡት።

• እግራችሁን በየማታው ጣት በጣት፣ ከሥር ጭምር ተመልከቱ።

የመጨረሻውን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። የእኒያን እናት ካልሲ ሳወልቅ የግራ እግራቸው ሥር ውሃ ቋጥሮ ነበር። የበቆጂ ብርድ ያውቃችኋል፤ ማታ ምድጃ ዳር ሲሞቁ ተቃጥለዋል፣ ግን አልተሰማቸውም። ሌሊት የሚለበልባቸው ያው እግር እውነተኛውን እሳት ማወቅ ትቷል። የነርቭ ጉዳት ክፋቱ ይሄ ነው። ቁስሉ ቶሎ ስለተገኘ አሁን እየዳነላቸው ነው።

እባካችሁ የደነዘዘ እግር እሳት ዳር አይሙቅ፤ ወፍራም ካልሲ ይበቃዋል። ዛሬ ማታ የእናት የአባታችሁን እግር አገላብጣችሁ እዩላቸው።

ጤና ለሁላችንም!