ኢኮኖሚክስ ወይስ ማኔጅመንት? በሁለቱም በር ላይ የቆመ መሐንዲስ

ኢንጂነሪንግ ተመርቀን ጥቂት ዓመት ኮድ ስንጽፍ የቆየን ልጆች ስንገናኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ «አውሮፓ ሄጄ ማስተርስ ልማር ነው፤ ግን ኢኮኖሚክስ ይሻላል ማኔጅመንት?» መልሱን የምንፈልገው ከደረጃ ሰንጠረዥ፣ ከደሞዝ ግምትና ከስኮላርሺፕ ዝርዝር ነው። ይጠቅማሉ፣ ምንም አይባልም። ሁለቱ ትምህርቶች ከሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መወለዳቸውን ግን አይነግሩንም። ለእኛ ደግሞ ታሪኩ ቅርብ ነው፤ በሁለቱም በር ላይ ቆሞ የምናገኘው መሐንዲስ ነውና። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዡል ዱፕዊ ይባላል፤ የፈረንሳይ መንግሥት የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበር። በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሳ፤ ድልድይ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም በምን ይለካል? ከተሻጋሪው በሚሰበሰበው ገንዘብ ብንለካው እንሳሳታለን። እንበልና አንድ ሰው ለመሻገር አምስት ሳንቲም ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ የተጠየቀው አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። የቀረችው አራት ሳንቲም በማንም መዝገብ ባትገባም ጥቅም ናት። ክፍያው ሲጨምር ደግሞ ወንዙ ዳር ቆሞ የሚመለስ ሰው ይኖራል። እሱ ያጣው ጥቅም ለማንም ገቢ አይሆንም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል። የዛሬ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚስላት ሦስት ማዕዘን የዚህ ሐሳብ ዘመድ ናት።

ሁለተኛው ሄንሪ ፋዮል ነው፤ የማዕድን መሐንዲስ። በ1860፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ኮማንትሪ በሚባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ጀመረ። በ1888 ኩባንያው ሊከስር አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ በዋና ዳይሬክተርነት ተረከበው፤ አዳነውም። በ1916 ባሳተመው ሥራ ለውጡን ያመጣው የአስተዳደር ዘዴው እንደሆነ ተከራከረ። ማስተዳደር ማለት ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማቀናጀትና መቆጣጠር ነው አለ፤ ይህም በትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚችልና የሚገባ ዕውቀት ነው።

ዱፕዊ ድልድዩን ከውጭ ቆሞ ያያል፤ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ፣ ዋጋው ምን መሆን ነበረበት? ፋዮል ከቢሮው ውስጥ ሆኖ ያያል፤ ይህን ሁሉ ሰው ይዘን ነገ ጠዋት ሥራውን እንዴት እናንቀሳቅሰው?

ትምህርት ቤቶቹም በእነዚህ ሁለት መንገዶች ነው የመጡት። በአንድ በኩል ነጋዴዎች ለልጆቻቸውና ለሠራተኞቻቸው የከፈቷቸው አሉ። የዛሬው ኢኤስሲፒ በ1819 ፓሪስ ላይ ተጀመረ፤ ኤችኢሲን በ1881 የፓሪስ ንግድ ምክር ቤት አቋቋመው፤ ላይፕዚግና ሳንክት ጋለን በ1898 የንግድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት መሠረቱ። በሌላ በኩል የማኅበረሰብን ችግር ማጥናት የፈለጉ ሰዎች መጡ። የለንደኑ ኤልኤስኢ በ1895 የተመሠረተው በዌብ ባልና ሚስትና በጓዶቻቸው ነው፤ ኅብረተሰቡን ደረጃ በደረጃ በማሻሻል የሚያምኑ ሶሻሊስቶች ነበሩ። ካምብሪጅ ላይ ደግሞ አልፍሬድ ማርሻል ታግሎ በ1903 ኢኮኖሚክስ ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት እንዲሆን አደረገ።

ከነጋዴዎቹ ትምህርት ቤቶች አንዱ ለእኛ የተለየ ስም አለው። ሚላን ላይ ትልልቅ መደብሮች የነበሩት ነጋዴ ፈርዲናንዶ ቦኮኒ፣ ሉዊጂ የሚባለው ልጁ በ1896 (በ1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው) አድዋ ላይ ሞተበት። አባትየው በ1902 ለልጁ መታሰቢያ «ሉዊጂ ቦኮኒ የንግድ ዩኒቨርሲቲ»ን አቋቋመ፤ በጣሊያን የኢኮኖሚክስ ዲግሪ በመስጠት የመጀመሪያው ሆነ። እናም ዛሬ ለቦኮኒ የሚያመለክት የአዲስ አበባ ልጅ በደብዳቤው አናት ላይ የሚጽፈው አድዋ የቀረ ወጣት ስም ነው። ፉከራ አያስፈልገውም። ትምህርት ቤት የሰው ሐዘን፣ የሰው ገንዘብና የሰው ፍላጎት ውጤት መሆኑን ማስታወሱ ይበቃል።

ቦኮኒ ሌላም ነገር ያስተምረናል። ስሙ «የንግድ» ቢሆንም በዚያ ካስተማሩት አንዱ ሉዊጂ ኢናውዲ ነው፤ የጣሊያን ባንክ ገዥ፣ ከ1948 እስከ 1955 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ኢኮኖሚስት። በነጋዴ በር ተገብቶ በመንግሥት በር ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ልደት ካወቅን በኋላም የየፕሮግራሙን የግዴታ ኮርሶች አንድ በአንድ ማየት አለብን።

ይህ ሁሉ ምርጫ ፊታችን የተዘረዘረውም በቅርቡ ነው። ድሮ በጀርመን ተማሪው ገና ሲገባ የሕዝብ ኢኮኖሚ ወይም የድርጅት ኢኮኖሚ ይመርጥና ረጅሙን ዲፕሎም እስኪጨርስ እዚያው ነበር። በሰኔ 1999 የ29 አገሮች ሚኒስትሮች ቦሎኛ ላይ ተሰብስበው ትምህርቱን ለሁለት ለመክፈል ተስማሙ፤ መጀመሪያ ባችለር፣ ከዚያ ማስተርስ። በመሃል ክፍተት ተፈጠረ፤ በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው በዚያ በኩል መግባት ቻለ። እኛም የምናመለክተው በዚሁ ክፍተት ነው።

የየበሩ ዘበኛ ግን የሚጠይቀው ለየቅል ነው። የኢኮኖሚክሱ «ሒሳብህን አሳየኝ» ይላል። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ አሉን፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ቀደም ብሎ የተወሰደ የኢኮኖሚክስ ኮርስ ነው፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለዚያ ብቻ ይመልሳል። ከገባንም የመጀመሪያው ዓመት ማይክሮ፣ ማክሮና ኢኮኖሜትሪክስ ነው፤ ብዙው ማረጋገጫ መጻፍ ነው። የማኔጅመንቱ «ምን ሠርተሃል፣ ከሰው ጋር እንዴት ትሠራለህ» ይላል፤ ብዙ ቦታ ጂማት ይጠይቃል፤ ትምህርቱ ፋይናንስ፣ ስትራቴጂ፣ የቡድን ሥራና ኢንተርንሺፕ ነው። «ኢኮኖሚክስና ማኔጅመንት» የሚል የተጣመረ ስም ሲያጋጥማችሁ የግዴታ ኮርሶቹን ቁጠሩ። ኢኮኖሜትሪክስ ስንት ጊዜ አለ? ፕሮግራሙ በየትኛው በኩል እንደሚያደላ ቁጥሩ ይናገራል።

ገንዘቡም ታሪኩን ይከተላል። የነጋዴ ትምህርት ቤቶች ባብዛኛው ውድ ናቸው። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ የባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በሁለቱም ትምህርቶች ስሙ የሚነሳው ማንሃይም የሚገኘው እዚያ ነው። ክፍያ በሌለበትም ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጥ ገንዘብ አለ፤ በ2024 ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሆኖ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ 100 ብርን አለፈ። ለዓመታት ያጠራቀመ ሰው ቁጠባው እኩሌታው ቀለጠ። ያለ ስኮላርሺፕ የሚሄድ ሰው ተሳስቶ የሚሞክርበት ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ትክክለኛውን በር ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እኔ በሥራዬ የገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓት ላይ ኮድ እጽፋለሁ። ከላኪው ስንት ይቆረጥ፣ ከነጋዴው ስንት ይቆረጥ የሚለው ለእኛ በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንድ ቀን ግን እነዚህ ቁጥሮች የዱፕዊ ድልድይ መሆናቸው ገባኝ። ክፍያው በመብዛቱ ሳይልክ የቀረ ሰው በሎጋችን ላይ አይታይም። ዣን ሻርል ሮሼና ዣን ቲሮል በ2003 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ያጠናል፤ ገዥና ሻጭን የሚያገናኝ መድረክ ክፍያውን በሁለቱ መካከል እንዴት ያከፋፍለው? ሁለቱም ቱሉዝ ነበሩ። በ2014 ኖቤል ያገኘው ቲሮል ፖሊቴክኒክንና የድልድይና መንገድ ትምህርት ቤቱን የጨረሰ መሐንዲስ ነው፤ ዱፕዊም ከ150 ዓመት በፊት ያለፈው በእነዚሁ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበር። ጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፤ «20 ሰው ያለው ቡድን ለምን ሁሌ ይዘገያል?» የእሷ ሰው ፋዮል ነው፤ በቱሉዝ በኩል ብትሄድ ሁለት ዓመቷ ይባክናል።

ከእኛም አገር ሁለቱን በአንድ ራስ የያዘ ሰው ነበር። ወጣትነቱን በኦስትሪያና በጀርመን ያሳለፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የኢትዮጵያ ንግድ ለምን ሌላውን አበልጽጎ እኛን እንደሚያደኸይ ጻፈ፤ የኢኮኖሚስት ጥያቄ ነው። ነጋድራስ ሆኖም የድሬዳዋን ጉምሩክ መራ፤ ይህ የአስተዳዳሪ ሥራ ነው። በ1919 ሞተ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1924 ነው። ሁለቱን ለማጣመር የተጣመረ ስም ያለው ዲግሪ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ሞቲቬሽን ሌተር ከመጻፋችሁ በፊት ከሥራችሁ የወጣ፣ እንቅልፍ የሚነሳችሁን አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ለምን እንዲህ ሆነ፣ ማንስ ከፈለበት?» የሚል ከሆነ ሒሳባችሁን ማሳደስ ጀምሩ። «እንዴት እናስኪደው?» የሚል ከሆነ የመራችኋቸውን ሰዎችና ሥራዎች ቁጠሩ። እኔ የማመለክተው በድልድዩ በኩል ነው።