ባሩዱን የቀየረው ማነው?

እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ቬትናም ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ኤም-16 ጠመንጃ በውጊያ መሃል ይቀረቀርባቸው ነበር። የተተኮሰው ቀለህ አልወጣ ይላል፤ ቀጣዩ ጥይት አይጎርስም። ጠመንጃቸውን ለማስተካከል ሲታገሉ የተገደሉ ነበሩ።

የብዙ አለቆች መልስ አንድ ነበር፤ ወታደሩ መሣሪያውን አያጸዳም። በምን ያጽዳ? ጠመንጃው ብዙ ጽዳት አይፈልግም ተብሎ ነው የታደለው። መወልወያ እንኳ ለብዙዎቹ አልደረሰም።

በ1967 የኮንግረስ አባሉ ሪቻርድ አይኮርድ የመሩት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ሠራዊቱ በቂ ሙከራ ሳያደርግ የጥይቱን ባሩድ ቀይሯል። በአዲሱ ባሩድ የጠመንጃው የመተኮስ ፍጥነት ከልክ አለፈ፤ ጥላሸቱም በዛ። ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በክሮም ስላልተለበጠ ደግሞ በዚያ እርጥበት ይዝግ ነበር።

መፍትሔው ተአምር አልነበረም። ክፍሉ በክሮም ተለበጠ፣ ፍጥነቱን የሚያረግበው አካል ተቀየረ፣ መወልወያ ታደለ። ጠመንጃውም ለአሥርት ዓመታት አገለገለ። የሞቱት ግን አልተመለሱም።

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ከታች ያለው ነው። «ለምን አላጸዳህም?» ከማለታችን በፊት «ባሩዱን የቀየረው ማነው?» ብለን እንጠይቅ።