ቃላድ ያልረገጠው ቆላ

መሬት የሚለካው ለማን ሲባል ነው? ለገበሬው ነው የሚለን ካለ የቃላድን ታሪክ አልሰማም ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የደቡቡ መሬት በቃላድ ሲመተር ገመዱን የያዘው የመንግሥት ሰው ነበር። መሬቱ በጋሻ፣ ማለት በግምት በ40 ሄክታር፣ እየተቆረጠ ሲሶው ለባላባቱ፣ የቀረው ለመንግሥትና መንግሥት ለሾማቸው ሆነ፤ አራሹም በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ሰሜኑ ይህን እያየ ቃላድን እንደ ወረርሽኝ ቢፈራ አይፈረድበትም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ሸፍቶ የተነሣው በእርሻ ገቢ ግብር ነው ይባላል፤ ግምት ሊያወጣ የመጣውን ሹም ግን ገበሬው ያየው እንደ መሬት ለኪ ነበር። በጌምድርም ቢሆን በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከጎጃምና ከትግሬ ጋር በ1927 በነበረው ልክ ግብሩን እንዲከፍል ስለ ተተወ፣ ርስቱ ሳይለካ ከረመ።

እንግዲህ የመተማ ቆላ የዚያው የበጌምድር ጭራ ነው። የሚገርመው፣ ውስጡ ሳይለካ ዳሩ ቀድሞ መለካቱ ነው። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ 13 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ የወሰን ውል ተፈራረሙ። በዓመቱ ሻለቃ ጉዊን የተባለ እንግሊዛዊ፣ የኢትዮጵያ ወኪል አብሮት ሳይኖር፣ ወሰኑን ምልክት እያደረገ ወረደ። መተማ ወዲህ፣ ገላባት ወዲያ ሆነ። መስመሩን ሰው ያወጣዋል፤ ማረሻ ግን መስመር አያነብም። ፋሻጋ በሚባለው ለም መሬት የእኛ ገበሬዎች ከመስመሩ አልፈው ሲያርሱ ኖሩ። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ሲስማሙ የጉዊንን መስመር ተቀበሉ፤ አራሾቹ ግን ነገሩ እስኪቋጭ ባሉበት እንዲቆዩ ተባለ። ነገሩ አልተቋጨምና በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ገብቶ መሬቱን ያዘ። የዘራ ገበሬ ሳያጭድ ቀረ።

ወደ ውስጡ እንመለስ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሰሊጥና ጥጥ ዋጋ ሲያወጡ፣ ከሁመራ እስከ መተማ ያለው ቆላ በትራክተር መታረስ ጀመረ። ደጋው ላይ እንዳለው የአያት የቅድመ አያት የርስት ቆጠራ እዚህ እምብዛም አልነበረም። «የመንግሥት መሬት» ነው የሚባለው፤ የመንግሥት ማለት ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ደጅ ለመጥናትም ትራክተር ለመግዛትም አቅም ያለው ሰው ማለት ነው። ወሰኑ የሚጻፈው «በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን መንገዱ ያዋስነዋል» እየተባለ ነው። እገሌ ሸጦ ሲሄድ ወይም ወንዙ በክረምት አካሄዱን ሲለውጥ ወረቀቱ ምን ይዞ ይቀራል? የእማኝ ብዛትና የጠመንጃ ብዛት!

ሕጉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከአንቀጽ 1553 እስከ 1646 ድረስ ደርድሯል። ቀያሹ፣ ፕላኑ፣ መዝገቡ፣ ሁሉም አለ። ነገር ግን እዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ፣ አንቀጽ 3363፣ መዝገቡ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ ሥራው ይቆይ ይላል። አዋጁ ሳይመጣ አብዮቱ መጣ። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ የጠየቀው መዝገብ አልነበረም፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ያልተከፈተው መዝገብ የሚመዘግበው ባለቤት ጠፋ። ትራክተር የነበራቸው ሰዎች ዝም አላሉም፤ በ1969 ኢዲዩ ሁመራንና መተማን በያዘ ጊዜ፣ ከጀርባው የእነርሱም ቂም ነበረ።

ዛሬስ? በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ ገንዳ ውሃ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ወይም ሆቴል የሚገዛ ነጋዴ የሚገዛው ግንቡን ነው፤ ከሥሩ ያለውን መሬት የሚያገኘው በይዞታ፣ ሊዝ ከሆነም ለቀረው ዘመን ብቻ። ስለዚህም ነው «ካርታ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋ ክርክር የሚቀድመው። ብልህ ገዢ ቀያሽ ይዞ ይሄድና ችካሉን ከካርታው ያስተያያል፤ አጥሩ ወደ መንገዱ ገፍቶ እንደሆን ይለካል፤ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤት ያጣራል። የቸኮለ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ውል ጽፎ ብሩን ይቆጥራል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

በገጠሩም በ1990ዎቹ ዓ.ም. በክልሉ የታደለው የመጀመሪያው የይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ በገመድ ተለክቶ አዋሳኝ ተጽፎበት ነው የተሰጠው። በጂፒኤስ የተለካው ሁለተኛው ደረጃ ቆይቶ መጣ። ይህን እኔ እደግፋለሁ። ገበሬው የራሱን ማሳ ቁጥር በእጁ ሲይዝ ቃላድ የነሣውን ያህል ባይሆንም ጥቂት ይመልስለታል። የሚከብደኝ ሌላው ነው። ጉሙዙ መሬት እያሳደረ፣ ቦታ እየለወጠ የሚያርሰው ያደረ ማሳ ለለኪው ባዶ ጫካ ይመስለዋል። ከብት የሚነዳው ሰው የሚያልፍበት መንገድ አጥር የለውም። ሰሊጡን የሚያጭደው ሳሉግ ደግሞ ከእርሻ እርሻ ሲዞር ኖሮ በየትኛውም ደብተር ላይ አዋሳኝ ሆኖ እንኳ አይጻፍም። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ቦታ ሲከለል ቀያሹ ከመሣሪያው በፊት እነዚህን ሰዎች ቢጠይቅ ሥራው ምናልባት አንድ ሳምንት ይረዝምበት ይሆናል።