ልቡ እየተጠራጠረ የታዘዘው ሰባኪ

«ጥርጥሬ ሲለቀኝ ለጌታ እታዘዛለሁ» የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ አለ። ጸሎት ያቆምነው፣ መመስከር የተውነው፣ ከአገልግሎት የራቅነው ጌታን ክደን ሳይሆን «እርግጠኛ እስክሆን ልቆይ» ብለን ሊሆን ይችላል። ጆን ዌስሊን ብዙዎች የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ አድርገው ያውቁታል። በጥርጥር ምክንያት ስብከቱን ሊያቆም እንደ ነበር ግን ሁሉም አያውቅም። ታሪኩን እንመልከት (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ዌስሊ የቄስ ልጅ ነበር፤ እርሱም ቅስና ተቀብሎ በኦክስፎርድ ያስተምር ነበር። ይጾማል፣ እስረኞችን ይጎበኛል፣ ለድሆች ይሰጣል። በ1735 ለወንጌል ሥራ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጆርጂያ ተሳፈረ። በጃንዋሪ 1736 ባሕር ላይ ሳሉ ከባድ ማዕበል ተነሣ፤ ሸራው ተቀደደ፣ ውኃው መርከቡን አለበሰው። እንግሊዛውያኑ ሲጮኹ ሞራቪያውያን የተባሉት ጀርመናውያን አማኞች ግን የጀመሩትን መዝሙር አላቋረጡም። ዌስሊ በኋላ አንዱን ፈርቶ እንደ ነበር ሲጠይቀው፣ እርሱ ብቻ ሳይሆን ሴቶቻቸውና ልጆቻቸውም ሞትን እንደማይፈሩ ነገረው። ዌስሊ ግን ሞትን ይፈራ ነበር።

የጆርጂያው አገልግሎት በጠብና በሐዘን አበቃ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ ሌሎችን ወደ ጌታ ሊመልስ ሄዶ እርሱ ራሱ ገና እንዳልተመለሰ በማስታወሻው ላይ ጻፈ።

በፌብሩዋሪ 1738 ፒተር ቦህለር ከተባለ ሞራቪያዊ ጋር ተገናኘ። ቦህለር በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያንሰዋል። ዌስሊ ጥርጥሩን አልደበቀበትም። ስለ እምነት የሰማውን ይዞ በግሪኩ አዲስ ኪዳን ውስጥ መረመረ። በማርች ወር መጀመሪያ ግን የሚያድን እምነት እንደሌለው አመነና ጨነቀው፤ እምነት የሌለው ሰው ስለ እምነት እንዴት ይሰብካል? መስበኬን ልተው ወይ ብሎ ቦህለርን ጠየቀው። ቦህለር እንዳያቆም መከረው፤ እምነትን እስኪያገኝ ድረስ ስለ እምነት ይስበክ፤ ካገኘው በኋላ ደግሞ ስላለው ይሰብካል።

ዌስሊ ማርች 6 ቀን ልቡ ወደ ኋላ እያለበት ታዘዘ። በእምነት ብቻ ስለሚገኝ መዳን መጀመሪያ የነገረው ሰው ሞት የተፈረደበት ክሊፎርድ የተባለ እስረኛ ነበር። ቦህለር ይህን ሰው እንዲያነጋግረው ቀደም ሲል ደጋግሞ ለምኖት ነበር። ዌስሊ ግን ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ንስሐ ሊገባ አይችልም ብሎ ለዓመታት ሲከራከር የኖረ ስለ ነበር እሺ አላለም።

ማርች 27 ቀን ደግሞ ከአንድ ወዳጁ ጋር ወደ ኦክስፎርድ ወኅኒ ሄዶ ሞት ከተፈረደበት እስረኛ ጋር ጸለየ። ሰውዬው በጭንቀት ተንበረከከ። ሲነሣ ግን ክርስቶስ ኃጢአቱን እንዳስወገደለትና ለመሞት ዝግጁ እንደ ሆነ ተናገረ። ሊገደል ሲወሰድም ሰላሙ አልተለየውም። ወገኖች፣ ይህን ልብ እንበል፦ ሰባኪው ገና ዕረፍት አላገኘም፤ ሰሚው ግን ዐረፈ። ወንጌል የሚቆመው በክርስቶስ ሥራ ላይ ነው እንጂ በሰባኪው ስሜት ላይ አይደለም።

ዌስሊ ዕረፍት ያገኘው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ሜይ 24 ቀን ነው። ያን ምሽት ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በሚባል መንገድ ወደሚደረግ ስብሰባ የሄደው እንኳ ሳይወድ ነበር። ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ልቡ በእንግዳ ሁኔታ ሞቀ፤ ክርስቶስ የእርሱንም ኃጢአት እንደ ወሰደ ተረዳ።

ጥርጥሩ ግን በዚያ አላበቃም። በዚያው ምሽት «እምነት ካለህ ደስታህ የት አለ?» የሚል ፈተና መጣበት። በጃንዋሪ 1739 ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ እስከ መጻፍ ደረሰ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 2 ቀን፣ በጆርጅ ዊትፊልድ ጥሪ ብሪስቶል አጠገብ ሜዳ ላይ ቆሞ 3,000 ለሚሆኑ ሰዎች ሰበከ። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ መስበክ ለእርሱ የሚያሳፍር ነገር ነበር። በ1766 እንኳ ለወንድሙ ለቻርልስ በጻፈው ደብዳቤ የልቡን ድርቀትና ጥርጥር ገልጧል፤ ሆኖም ከሚሰብከው የተለየ ለመስበክ እንደማይደፍር ነገረው። በ1791 እስኪሞት ድረስ አገልግሎቱን አልተወም።

ታዲያ ዌስሊ በጆርጂያም ይታዘዝ አልነበረምን? ይታዘዝ ነበር፤ ነገር ግን በመታዘዙ በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት ለማግኘት ይደክም ነበር። ኋላ ግን በቃሉ ላይ ተደግፎ ታዘዘ። ለመዳን ብሎ መታዘዝ ሸክም ነው፤ የተናገረው ታማኝ ነው ብሎ መታዘዝ ግን ራሱ እምነት ነው፤ ሰናፍጭ ቢያህልም እንኳ።

በማቴዎስ 28 ደቀ መዛሙርቱ በገሊላ ተራራ ለጌታ ሲሰግዱ አንዳንዶቹ ተጠራጥረው ነበር። ጌታ ግን የተጠራጠሩትን ለይቶ አላሰናበተም። «ሂዱ» የሚለውን ትእዛዝ ለሁሉም ሰጠ፤ ከእነርሱ ጋር እንደሚሆን የገባውን ተስፋም እንዲሁ። በሉቃስ 17 ያሉት ዐሥሩ ለምጻሞችም የነጹት ሲሄዱ ነው፤ እርምጃ የጀመሩት ለምጹ ገና በላያቸው ሳለ ነበር።

ይህ ጥርጥርን ማወደስ አይደለም፤ ጥርጥር ያደክማል። ዌስሊ ግን ሦስት ነገር አደረገ፦ ጥርጥሩን ለታመነ ወንድም ተናገረ፤ ቃሉን መረመረ፤ በፊቱ ያለውን አንድ ትእዛዝ ፈጸመ። ውድ አንባቢ፣ ዛሬ በፊትህ ያለው ትእዛዝ የትኛው ነው? ይቅር ልትለው የሚገባ ሰው ይሆን? ያቋረጥከው ጸሎት ይሆን? ገና ጌታን ያልተቀበልክ ከሆንክ ደግሞ፣ ጥያቄዎችህ ሁሉ እስኪመለሱ አትጠብቅ፤ ከነጥያቄህ ወደ ኢየሱስ ና። በማርቆስ 9 እምነቱ ከአለማመን ጋር የተቀላቀለበት አባት ልጁን ወደ እርሱ ይዞ መጣ እንጂ እቤት አልቀረም። ጌታም አልመለሰውም።

ጌታ ሆይ፣ ልባችን ሲያመነታ እንኳ በቃልህ ተደግፈን እንድንራመድ እርዳን። አሜን።